«ለሚስቴ ደመወዝ እከፍላታለሁ» ለምትሉ አከራዮች

ደሴ ላይ የሰው ሂሳብ መሥራት ከጀመርኩ ቆየሁ። ሐምሌ ሲገባ አከራዩ ሁሉ ወረቀቱን በፌስታል ሞልቶ ይመጣል። አብሮ የማይቀር አንድ ጥያቄም አለ። «ቤቱን የምታስተዳድረው ሚስቴ ናት። ደመወዝ ልክፈላትና ከግብሩ ይቀነስልኝ።» አንዳንዱ ውሉን አስጽፎ፣ ሁለት ምስክር አስፈርሞ ይመጣል። እየደጋገምኩ መመለስ ስለታከተኝ እዚህ ላስቀምጠው።

«ካርታው በእኔ ስም ስለሆነ ቤቱ የእኔ ነው።»
አይደለም። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የግሌ ነው ያለ ሰው ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው።

«እኛ በኒካ ነው የተጋባነው፤ ማዘጋጃ ቤት አልሄድንም።»
ኒካውም ጋብቻ ነው፣ ተክሊሉም ጋብቻ ነው። በንብረት ላይ ያላቸው ውጤት አንድ ነው።

«ቤቱን የያዘው ሰው ብቻውን ያከራያል።»
የጋራ የሆነ ቤት ሲከራይ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። እንደ መሸጡ ወይም መያዣ እንደ መስጠቱ ማለት ነው። ያልተስማማው ወገን ውሉ ይፍረስልኝ ብሎ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ጊዜው ካወቀ 6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ነው።

አሁን ወደ ደመወዙ ልምጣ። «ደመወዝ ከከፈልኳት ገንዘቡ የእሷ፣ ቤቱ የእኔ፣ ወጪው ከግብር ይቀነሳል» ይሉኛል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ስህተት።

መጀመሪያ ውሉን እንይ። ባልና ሚስት በትዳር ላይ ሳሉ እርስ በርስ የሚዋዋሉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ሕጋዊ ውጤት የለውም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 73 ይህንኑ ነው የሚለው። ሁለት ምስክር፣ አሥር ምስክር ቢፈርምበት ለውጥ የለውም። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ይደነግጣል። የሕጉ ሐሳብ ግን ግልጽ ነው። በትዳር ውስጥ አንዱ ሌላውን ተጭኖ ማስፈረም ቀላል ስለሆነ ዳኛ አይቶ ያጽድቀው ነው።

ሁለተኛ ገንዘቡ። ተጋቢዎች በጉልበታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው። ከጋራ ቤት የሚመጣው ኪራይም የጋራ ነው። ስለዚህ ከጋራው ኪራይ 3,000 ብር አንስተህ «ደመወዝሽ» ብለህ ብትሰጣት፣ ያ 3,000 ብር ተመልሶ የጋራ ነው። ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ነው የተዛወረው።

አንዲት የኮምቦልቻ ሴት የማነሳው ለዚህ ነው። ባሏ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። ኪራዩን የምታስተዳድረው እሷ ናት፤ በየወሩ «ደመወዝ» ሊከፍላትም በወረቀት ተፈራርመው ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ዘጠኝ ክፍል ሰርቪስ አለ። ተከራዮቹ በአብዛኛው የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ናቸው። ደብተሯን አሳይታኛለች። ባለ መስመር የተማሪ ደብተር ነው፣ ጠርዙ ተበልቷል። በግራ የክፍሉ ቁጥር፣ መሀል ላይ የቆጣሪው ንባብ፣ በቀኝ የተከፈለው። «ክፍል 4፣ አምፖል ተቀየረ» ይላል። ከታች ደግሞ «ውሃ ሌሊት 9 ሰዓት መጣ፣ ሮቶ ሞላሁ» ይላል። ሌሊት 9 ሰዓት! ይህን የምታደርገው ልጆቿን አስተኝታ፣ ውሃው እስኪመጣ ቁጭ ብላ ነው።

ትዳሩ ሲናጋ ባልየው ምን አለ? «በየወሩ ደመወዟን በልታለች። ተደምሮ ከድርሻዋ ይቀነስ።» እሷ ደግሞ ቢሮዬ መጥታ፣ «ጋሼ፣ እኔ ለካ ሠራተኛ ነበርኩ?» አለችኝ። ይህን ስትል ፊቷን ማየት ከብዶኝ ነበር። አብሽሪ አልኳት። ደመወዝ የተባለው ብር ለጤፍ፣ ለዘይት፣ ለልጆች ደብተር ወጥቷል። የጋራ ብር ለጋራ ቤት ነው የዋለው። ከግማሿ ላይ አንድ ሳንቲም አይነሳም። ሽማግሌዎቹም መጨረሻ ላይ የተስማሙት በዚሁ ነው። ግን እዚያ እስኪደረስ አንድ ዓመት ተጨቃጭቀዋል፣ ያውም በአንድ ወረቀት ምክንያት።

ሦስተኛ ግብሩ። ከግል ቤት ኪራይ የሚገኘው ገቢ ግብር የሚከፈለው ለክልሉ ነው። የሂሳብ መዝገብ የማይይዝ አከራይ ወጪው በደረሰኝ አይቆጠርለትም። ሕጉ ከጠቅላላው ኪራይ የተወሰነ እጅ በመቶኛ ይቀንስለታል፣ በቃ። ለሚስትህ ከፈልክ አልከፈልክ ያ መቶኛ አይለወጥም። ታዲያ ወረቀቱ ለምንህ ነው? መዝገብ የሚይዘውም ቢሆን ሥራው እውነተኛ፣ ክፍያውም ለባዳ ሰው የሚከፈለውን ያህል መሆኑን ማሳየት አለበት። የግብር ሕጉ ባልና ሚስትን ግንኙነት ያላቸው ሰዎች ብሎ ነው የሚያያቸው። መርማሪው ቅድሚያ የሚያገላብጠው እንዲህ ያለውን ወጪ ነው።

«ከ2,000 ብር በታች ካደረግሁት ግብር የለበትም» የሚልም አለ። ከ2017ቱ ማሻሻያ ወዲህ የወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ነፃ መሆኑ እውነት ነው። እሱ ግን የተቀጣሪ ግብር ነው። የማይቀነስን ወጪ ተቀናሽ አያደርገውም።

«ታዲያ ድካሟ ሜዳ ላይ ይቅር?» አይቅር። እኔም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። በቅን ልብ ሚስቱን ማክበር ፈልጎ ደመወዝ የሚያስብ ባል አለ። ለእሱ የምመክረው ሌላ ነው። ኪራዩ በሁለታችሁ ስም በተከፈተ የባንክ ሂሳብ ይግባ። እጅ በእጅ አትቀበሉ። የምታስተዳድረው እሷ ከሆነች ውክልና ስጣት። በጠቅላላ ውክልና ከ3 ዓመት ያልበለጠ ኪራይ ማዋዋልና ኪራይ መሰብሰብ ይቻላል። ለመሸጥ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሳዑዲ ወይም ዱባይ ያላችሁም በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል መላክ ትችላላችሁ። የክፍያ ስምምነት የግድ ከፈለጋችሁ ሁለታችሁም ፍርድ ቤት ቀርባችሁ አስጸድቁት።

ደብተሩን ደግሞ አትጣሉ። ያቺ ሴት ዛሬም ትጽፍበታለች። ባለፈው ስትመጣ ሦስተኛው ደብተር ላይ ደርሳለች። አሁን በየወሩ መጨረሻ ሁለቱም ይፈርሙበታል።