«በጾም ፕሮቲን ከየት ይመጣል?» እና ሌሎች የሰለቹኝ ጥያቄዎች

የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። ክብደት መቀነስ ለሚፈልግ ሰው «ፕሮቲን ጨምር፣ ስኳር ቀንስ» ስለው መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «እሺ፣ ግን ጾም ነው እኮ!» ከዚያ ነገሩ ለፋሲካ ይቀጠራል። ረቡዕና ዓርብ፣ 55ቱ የዐቢይ ጾም፣ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾም ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይወስዳሉ። ግማሽ ዓመት ቀጠሮ እየያዘ የቀነሰ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ፕሮቲን ማለት ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ብቻ አይደለም። አገራችን እኮ በሽምብራ ምርት ከአፍሪካ አንደኛ፣ በባቄላም ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተርታ ናት። 100 ግራም ጥሬ ምስር ወደ 24 ግራም ፕሮቲን አለው። ባቄላ 26፣ ሽምብራ 20 ግራም አካባቢ ይይዛሉ። ጥሬ የበሬ ሥጋም ቢሆን 20 ግራም ገደማ ነው። ምስሩ ሲበስል ውሃ ስለሚጠጣ ከ100 ግራም ቅቅል የምታገኙት ግን 9 ግራም ነው። ስለዚህ መጠኑ ወሳኝ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ጂም የሚሠሩ ልጆች ደግሞ «የጥራጥሬ ፕሮቲን ሙሉ አይደለም» ይሉኛል፤ ሰውነት ከሚፈልጋቸው የፕሮቲን ክፍሎች አንዳንዱ ያንሰዋል ማለታቸው ነው። ብቻውን ሲበላ እውነት ነው። ጥራጥሬ የሚያንሰውን እህል ይሞላዋል፣ እህል የሚያንሰውን ጥራጥሬ። እንጀራ በምስር ወጥ የበላ ሰው ሁለቱንም አግኝቷል። በአንድ ጉርሻ መገናኘት እንኳ የለባቸውም፣ በአንድ ቀን ውስጥ መበላታቸው ይበቃል።

ታዲያ የሚጾመው ሰው ለምን ይርበዋል? ለምንስ ይወፍራል? ሳህኑን እንየው።

አንዲት ደንበኛዬ «ሽሮ ሳልበላ የዋልኩበት ቀን የለም፣ ማታ ግን ረሃብ እንቅልፍ ይነሳኛል» አሉኝ። «እትዬ፣ ድስቱ ውስጥ ምን ያህል የሽሮ ዱቄት ይገባል?» አልኳቸው። አንድ የቡና ስኒ። ለስንት ሰው? ለአምስት! ሲካፈል ለአንድ ሰው ሁለት ግራም ፕሮቲን እንኳ አይደርስም። የቀረው ውሃ፣ ሽንኩርትና ዘይት ነው። ዘይቱ በጭልፋ ነበር የሚለካው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ነው። ያቺን ቀጭን ሽሮ ለመጨረስ ሁለት ተኩል እንጀራ ይበሉ ነበር። ሽሮ በሉ አይባልም፣ እንጀራቸውን ቀለም ነክረው በሉ እንጂ።

ሌላም ነበር። እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። መጀመሪያ አፋቸው የሚገባው ቦምቦሊኖ ነው፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ካለበት ሻይ ጋር። ነጭ ዱቄትና ስኳር ባዶ ሆድ ላይ ሲገባ ቶሎ ይፈጫል፣ ረሃቡም ቶሎ ይመለሳል። ፕሮቲን ከሁሉም ይበልጥ ያጠግባል። ሰውነትም እሱን ለመፍጨትና ለማዋሃድ ከራሱ ከፕሮቲኑ ከሚያገኘው ጉልበት ከ20 እስከ 30 በመቶውን ያወጣል። ለዱቄትና ለስኳር የሚያወጣው ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው።

ያደረግነው ቀላል ነው። ዱቄቱ ሦስት ስኒ ሆነ፣ ዘይቱ በማንኪያ ተለካ፣ እንጀራው ወደ አንድ ወረደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቦምቦሊኖው ፈንታ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ፉል ገባ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ የባቄላና የስንዴ ንፍሮ። «ሽሮ ተወዷል» አሉኝ። ዘይቱስ ረክሷል እንዴ? የማታው ረሃብ ቀረ። ክብደታቸው ቀስ እያለ ነው የወረደው፣ እኔም የምወደው እንደዚያ ሲወርድ ነው።

ሽሮ ሰለቸኝ ለምትሉ አዚፋ አለ፣ ስልጆ አለ፣ የሽምብራ አሳ አለ፣ አሹቅ አለ። ሆዴን ይነፋኛል ለምትሉ፣ ሽምብራውንና ባቄላውን ማታ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት ውሃውን ድፉትና በአዲስ ውሃ ቀቅሉት። ኦቾሎኒም ጥሩ ነው፣ ግን 100 ግራሙ ከ560 ካሎሪ በላይ ስለሆነ እፍኝ ይበቃችኋል። ፊልም እያያችሁ ከረጢቱን ይዛችሁ አትቀመጡ።

ሌሎቹን የሰለቹኝን አባባሎች ቶሎ ቶሎ ልመልሳቸው።

«ማር ተፈጥሯዊ ነው፣ እንደ ስኳር አይቆጠርም።» ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ባወጣው መመሪያ ማርንና የጁስ ስኳርን ከሻይ ስኳር እኩል መድቧቸዋል። ገደቡ በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች ነው፤ ወደ 5 በመቶ፣ ማለትም ወደ 25 ግራም ቢወርድ ደግሞ ይመረጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ስኳር አለው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ 12 ግራም ነው። ሁለቴ ከጠጣችሁ ኮታችሁን ጨርሳችኋል።

«ቡናማ ስኳር ይሻላል።» ቀለሙ ይለያል፣ በቃ።

«ሎሚ በሙቅ ውሃ ስብ ያቀልጣል።» አያቀልጥም።

«ለስላሳ የጾም ነው።» ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር መኖሩን ግን ጾሙ አያስቀረውም።

«ፕሮቲን ኩላሊት ይጎዳል።» ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነን ሰው ምስርና ሽሮ አይጎዱትም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ይህን ጽሑፍ ይተወውና የፕሮቲን መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱም ምግባችሁን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፣ የመድኃኒቱ መጠን አብሮ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

«ጁስ እኮ ፍራፍሬ ነው!» ጁስ ቤት ገብታችሁ ስፕሪስ ስታዙ ልጁ ስኳር ልጨምር ወይ ብሎ የሚጠይቃችሁ ስንት ቀን ነው? ብዙ ቦታ ሳትጠየቁ ይገባበታል። «ያለ ስኳር» ማለት ያለባችሁ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ነው። አቮካዶ ከሆነ ያማራችሁ ደግሞ ሰንጥቃችሁ፣ ጨውና ሎሚ አድርጋችሁበት በማንኪያ ብሉት።