ክብሪቱን አስቀምጡልኝ

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ቢንፈራገጥ መጀመሪያ የሚፈለገው ክብሪት ነው። መናኸሪያ በሉት፣ ፒያሳ በሉት፣ አሞራ ገደል በሉት፣ «ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» የሚል አይጠፋም። እኔ የስትሮክና የሚጥል በሽታ ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል ነርስ ነኝ፤ ይሄ ነገር ከምር አንገሽግሾኛል።

«ግን እኮ ሲያሸቱት ይነቃል» ትሉኛላችሁ። ይነቃል፣ አዎ። ክብሪት ባይኖርም ይነቃ ነበር። አብዛኛው መንቀጥቀጥ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ በራሱ ይቆማል። እስቲ አስቡት፤ ሰውየው ይወድቃል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ አንዱ ወደ ሱቅ ይሮጣል፣ ይመለሳል፣ ሁለት እንጨት ይሰበርበታል፣ ሦስተኛው ይቀጣጠላል። እስከዚያ ደቂቃዎቹ አልቀዋል፤ ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስዳል። በሽታው የሚጥለው አንጎል ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መልእክት ድንገት ሲዛባ ነው። ጭስ እሱን ምን ያደርገዋል? ይልቅ መተንፈስ ያቃተውን ሰው የአየር ቧንቧ ያስቆጣል። አንድ ወጣት አፍንጫው ሥር ቆዳው ተልጦ፣ የላይኛው ከንፈሩ ውሃ ቋጥሮ መጥቶ ያውቃል። መንቀጥቀጡ ካቆመ ቆይቷል፤ ያከምነው ቃጠሎውን ነው። አጎቱ ደግሞ «ሲስተር፣ በክብሪቱ ነው እኮ የተረፈው» ይለኛል! ምን ልበለው?

ማንኪያ አፍ ውስጥ መክተትም ያው ነው። ምላሱን የሚውጥ ሰው የለም። ትርፉ የተሰበረ ጥርስ ወይም የተነከሰ ጣት ነው።

የምትሠሩት ነገር ከፈለጋችሁ ሰዓት እዩ። ድንጋይና ስለት ከአጠገቡ አርቁ። ነጠላም ይሁን ጃኬት አጣጥፋችሁ ከጭንቅላቱ ሥር አድርጉ፣ አንገቱ ላይ የጠበቀ ነገር ካለ አላሉት። እጅና እግሩን ጠፍራችሁ አትያዙ። ጋብ ሲልለት ምራቁ ወደ ውጭ እንዲፈስ በጎኑ አስተኙት። በደንብ ሳይነቃ ውሃ አትስጡት። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ከዚህ በፊት ጥሎት የማያውቅ ከሆነ ግን በባጃጅም ቢሆን ቶሎ ሐኪም ቤት አድርሱ።

«አረፋው ይጋባል» የሚሉትም አሉ። አይጋባም፤ ምራቅ ነው። እዚህ ላይ ቶሎ ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም ቡና እያፈላች ከሰል ላይ የወደቀች ሴት አስታምሜያለሁ። ቤት ውስጥ ሰው ነበር። አረፋው እንዳይነካቸው ፈርተው ቆመው አዩዋት። ክንዷ እስከ ክርኗ ተቃጥሎ፣ የጣቶቿ ቆዳ እርስ በርሱ ተጣብቆ መጣች። አንድ ሰው በቀሚሷ ይዞ ቢጎትታት ኖሮ እኔ ጋ ባልደረሰች።

ወደ ስትሮክ ልምጣ። ፊት በአንድ ጎን ሲጣመም «ምች ነው» ብላችሁ ዳማከሴ እየጨመቃችሁ አትቀመጡ፤ ክንድ ከዛለም፣ አንደበት ከተሳሰረም እንዲሁ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት። መናገር ያቃተው ሁሉ አይሰማም ማለት አይደለም፤ ስለዚህ አልጋው አጠገብ ቆማችሁ ስለ ውርስ አታውሩ። «ይጠንክር» ብላችሁ በጀርባው ለተኛ ሰው አጥሚት አታጠጡ። ስትሮክ መዋጥን ያዳክማል፣ አጥሚቱ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ይሆናል። መጀመሪያ እኛ በትንሽ ውሃ እንሞክረው። መዋጥ ከቻለ ቀና ብሎ ተቀምጦ በትንሽ በትንሹ ይብላ፣ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተቀመጠ ይቆይ። አስታማሚዎች ደግሞ «ሲስተር፣ አሁን ገና ነው የተኛው፣ አትረብሺው» ትሉኛላችሁ። በየሁለት ሰዓቱ የማገላብጠው የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት ነው፤ ብታግዙኝ ይሻላል።

የሚጥል በሽታ መድኃኒቱስ? «ሁለት ወር አልጣለኝም፣ ድኛለሁ» ብሎ ፊኖባርቢታልን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ አልቆም የሚል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ጸበል ሂዱ፣ ማንም አልከለከላችሁም፤ ክኒኑን ግን ይዛችሁ ሂዱ። ባጃጅ ከመንዳትና ብቻችሁን በጀልባ ሐይቁ ላይ ከመውጣት በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ። ክኒኑ እስኪያልቅም አትጠብቁ፤ ሳምንት ሲቀረው ኑና ውሰዱ።