ፕሌይ ስቶር ላይ የሚመጣው «ፔንዲንግ» ምንድን ነው?

አፕዴት የሚለውን ትነካላችሁ። ክቧ መሽከርከር ትጀምራለች፣ «ፔንዲንግ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፣ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ትጠብቃላችሁ። ስልኩን አጥፍታችሁ ታበራላችሁ። ያው ነው። ማርቆስም ሆነ ቡሬ አንዱ ሞባይል ቤት ጎራ ብትሉ ደግሞ ቶሎ የምትሰሙት መልስ «ሶፍትዌሩ ነው፣ ፍላሽ ይደረግ» የሚል ነው።

ኧረ ቆይ! ፍላሽ፣ ማለትም የስልኩን ሶፍትዌር እንደ አዲስ መጫን፣ በውስጡ ያለውን ሊያጠፋ ስለሚችል የመጨረሻው መጨረሻ ነው። ፔንዲንግ ማለት ስልኩ ትእዛዛችሁን ተቀብሏል፣ ግን አንድ ያልተሟላለት ነገር ስላለ ማውረዱን አልጀመረም ማለት ነው። ያልተሟላው ነገር ወረፋ ሊሆን ይችላል፣ ዋይፋይ ሊሆን ይችላል፣ ባዶ ቦታም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ ቀን ነው። አዎ፣ ቀን። እሱ ላይ እመጣለሁ።

በብዛት የሚያጋጥመው ወረፋው ነው። ፕሌይ ስቶር ያለውን አፕ ሁሉ በአንድ ላይ አያወርድም፤ ጥቂቱን ይጀምርና ሌላውን ከኋላ ያሰልፋል። ወፍጮ ቤት ከፊታችሁ አምስት ኩንታል ጤፍ ያመጣ ሰው ካለ የእናንተ አንድ ቁና ሽሮ መጠበቋ ነው፤ ወፍጮው ግን ደህና ነው።

በእኛ አካባቢ ይሄ ነገር የሚብስበት ምክንያት አለ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር መቼም ማንም አይረሳውም። እንዲያ ዳታ ሳያይ የከረመ ስልክ መስመር ሲያገኝ በውስጡ ያለው አፕ ሁሉ በአንዴ አፕዴት ይጠይቃል። በዚያ ላይ ፕሌይ ስቶር ራሱና «ጉግል ፕሌይ ሰርቪስስ» የሚባለው ከጀርባ ሆነው ራሳቸውን ያድሳሉ፣ እናንተ ሳታዩ። ስለዚህ ቴሌግራምን ብቻ የነካችሁ ቢመስላችሁም ቴሌግራም ከብዙ አፕ ኋላ ተሰልፎ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፕሌይ ስቶር ውስጥ ከላይ በስተቀኝ ያለችውን የፕሮፋይል ምስል ነክታችሁ «ማኔጅ አፕስ ኤንድ ዲቫይስ» የሚለው ውስጥ ግቡ። እየወረደና እየጠበቀ ያለው ሁሉ ተዘርዝሮ ታገኙታላችሁ። ሁሉንም አቁሙት። ከዚያ የቸገራችሁን አንዱን ብቻ አስጀምሩ። አሁኑኑ የማትፈልጉት ጌም ዳታችሁን ሊበላ ምንም መብት የለውም።

ቀጥሎ ዋይፋይ። ፕሌይ ስቶር ራሱን በራሱ አፕዴት የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ዋይፋይ ሲያገኝ ነው፣ ያውም ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ ማንም ሳይነካካው። ፔንዲንግ የሚለው «ዋይፋይ እየጠበቅኩ ነው» ለማለት ከሆነ የራሱ የፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ «ኔትወርክ ፕሪፈረንስ» ጋ ገብታችሁ በማንኛውም ኔትወርክ እንዲያወርድ መፍቀድ ትችላላችሁ። አደራ፣ ካወረዳችሁ በኋላ መልሱት፤ ካልሆነ ጥቅላችሁ ጠዋት ተሞልቶ ማታ ያልቃል። «እኔ እኮ ከወንድሜ ስልክ ሆትስፖት ተቀብዬ ዋይፋይ ላይ ነኝ» የሚልም አለ። አንድሮይድ ስልኮች ግን ከሌላ አንድሮይድ የመጣን ሆትስፖት የሚቆጠር ዳታ መሆኑን ያውቁበታል። የወንድማችሁን ካርድ ላለመጨረስ ብለው ነው የሚያቅማሙት፣ ሲታሰብ ጨዋነት ነው። «ዳታ ሴቨር» (ዳታ ቆጣቢው) ወይም ቪፒኤን (መስመራችሁን በሌላ አገር በኩል የሚያዞረው አፕ) በርቶ ከሆነም አጥፍታችሁ ሞክሩ።

ባዶ ቦታውን ባጭሩ ልለፈው። 100 ሜጋ ባይት የሆነ አፕ ለማዘመን 100 ሜጋ ባይት ባዶ ቦታ አይበቃም፣ ምክንያቱም አዲሱ ወርዶ እስኪጫን አሮጌው አይጠፋም። ሜሞሪ ካርድ መጨመርም ብዙ አያግዝም፤ አፕ በአብዛኛው የሚቀመጠው ስልኩ ውስጥ ባለው ቦታ ነው። የቴሌግራም ቪዲዮዎችን አጽዱ፣ ግማሹ ችግር እዚያ ነው ያለው።

አሁን ወደ ቀኑ። ይሄ የሀበሻ ችግር ነው። ባትሪው የደከመ ወይም ጥገና ገብቶ የወጣ ስልክ አንዳንዴ ቀኑን ይስታል። ባለቤቱ «ቀን አስተካክል» ሲባል የእኛን ቀን ይሞላል። በፈረንጅ 2025 ወይም 2026 መሆን የነበረበት ቦታ ላይ 2018 ገባ ማለት ነው። ስልኩ እኛ በምንቆጥረው ቆጠራ ልክ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን በዚያ አይሠራም። ስልካችሁ ከጉግል ጋር ሲገናኝ ጉግል መታወቂያ ያሳየዋል፣ መታወቂያው ላይ ደግሞ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ተጽፏል። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ስልክ ያንን ሲያይ «ይሄ መታወቂያ ገና አልወጣም፣ ሐሰተኛ ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። ያኔ ፕሌይ ስቶር ጭራሽ አይከፍትም፣ ወይ ኔትወርክ የለም ይላል፣ ወይ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ለማረጋገጥ ክሮምን ክፈቱ፤ ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ቀርቷል የሚል መልእክት ካመጣ ሌላ ነገር አትፈልጉ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ማድረግ፣ ማለትም ጠዋት ስምንትን ሁለት ብሎ መሙላት፣ ስድስት ሰዓት ብቻ ስለሚያዛባ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ዓመቱ ግን አይታለፍም። ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓት ጋ ገብታችሁ ከኔትወርክ በራሱ እንዲወስድ አድርጉት። የእኛን ቀን ማየት ከፈለጋችሁ ለዚያ የተሠራ የካላንደር አፕ አለ፣ ጳጉሜን እንኳ ያውቃል።

ይሄ ሁሉ ታይቶ እንቢ ካለ ካሽ ማጽዳት ይመጣል። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ጉግል ፕሌይ ስቶር፣ ስቶሬጅ፣ «ክሊር ካሽ»። ካሽ ስልኩ ለፍጥነት ብሎ ያስቀመጠው ጊዜያዊ ነገር ነው፣ ቢጠፋ አይጎዳም። ከሱ አጠገብ ያለው «ክሊር ዳታ» ለፕሌይ ስቶር ከሆነ እሱም ችግር የለውም፤ አፖቻችሁም ፎቷችሁም አይጠፋም። ዋትሳፕ ላይ «ክሊር ዳታ» ካላችሁ ግን ባክአፕ ያልተደረገ ወሬ ሁሉ ሄደ። ቴሌግራም ከ«ሴክሬት ቻት» በቀር ወሬውን ስልኩ ላይ ብቻ ሳይሆን በራሱ ሰርቨር (የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ስለሚያስቀምጥ ከዚህ ያመልጣል፣ ነገር ግን የተከፈተበት ሲም ካርድ ከጠፋ ቆይቶ ከሆነ መልሶ ለመግባት የሚላከው ኮድ የት ይድረሳችሁ? «አጥፍቼ ልጫነው» ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ። የባንክ አፕም እንደዚያው ነው።

በዜንደር ከጓደኛ የተቀበላችሁት አፕ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እያንዳንዱ የአንድሮይድ አፕ የሠሪው ፊርማ አለበት፣ አዲሱ የሚጫነው ፊርማው ከአሮጌው ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። የተነካካ አፕ፣ ለምሳሌ እነዚያ ባለብዙ ቀለም «ዋትሳፖች»፣ ፊርማቸው ሌላ ስለሆነ ከፕሌይ ስቶር አፕዴት አይቀበሉም። ይሄኛው ፔንዲንግ ሳይሆን «አልጫንም» የሚል መልእክት እያሳየ ነው የሚመልሳችሁ። ጓደኛችሁ ጋ አዲሱ መጥቶ እናንተ ጋ አፕዴት የሚል ጭራሽ ካልታየ ደግሞ አትጨነቁ፤ ሠሪዎቹ አዲሱን ለሁሉም በአንድ ቀን ሳይሆን በየተራ ነው የሚለቁት። ስልኩ በጣም ካረጀ፣ አንድሮይድ 4 ምናምን ከሆነ፣ ዋትሳፕ እዚያ ላይ መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ እሱን ማንም ጠጋኝ አይመልሰውም።

እና ፍላሽ? የግድ ከሆነ ይደረግ። ግን ስልኩን ከመስጠታችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ «አካውንትስ» ጋ ግቡና የትኛው ጂሜይል እንዳለበት እዩ። ብዙ ሰው ጋ ጂሜይሉን የከፈተው ስልኩን የሸጠው ልጅ ነው፣ ፓስወርዱንም የሚያውቀው እሱ ነው፣ እሱም ምናልባት ረስቶታል። ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ የመጡ ስልኮች ፍላሽ ሲደረጉ የድሮውን የጉግል አካውንት ሊጠይቁ ይችላሉ፣ ካልሰጣችሁትም አይከፍቱም። ስለዚህ ፓስወርዱን በትክክል ማወቃችሁን መጀመሪያ አረጋግጡ፣ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ፎቶውን ወደ ሜሞሪ ካርድ ገልብጡ፣ ከዚያ ስጡት።