የራግቢ ሊግ አዲስ ከተማ ፍለጋ፦ ከሲድኒ ሰፈሮች እስከ ፖርት ሞርስቢ

ሜልቦርን ውስጥ ፉትስክሬይ አካባቢ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሰምቶ ይሆናል። እዚያ «ፉቲ» ሲባል በሞላላ ሜዳ ላይ የሚጫወቱት የአውስትራሊያ ደንብ እግር ኳስ ነው። ሲድኒ ውስጥ «ፉቲ» ያለ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ራግቢ ሊግ ነው። አገሩ አንድ፣ ቃሉ አንድ፣ ጨዋታው ሌላ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ራግቢ ሊግ፣ በአጭሩ ኤንአርኤል፣ ዘመኑን ሁሉ የሚታገለው ከዚህ ድንበር ጋር ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ እንዲህ ነው። 13 ለ 13 ይሰለፋሉ፣ 80 ደቂቃ ይጫወታሉ። ኳስ የያዘው ቡድን ተጫዋቾቹ ስድስት ጊዜ ተይዘው እስኪጣሉ ድረስ ወደፊት ይገፋል፤ ከዚያ ኳሱን ያስረክባል። ከሌላው የራግቢ ዓይነት፣ ከራግቢ ዩኒየን፣ የተለየው በ1895 በሰሜን እንግሊዝ፣ ሃደርስፊልድ ከተማ ሆቴል ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ነው። ጠቡ የገንዘብ ነበር። ክለቦቹ ከማዕድንና ከፋብሪካ ሥራ ቀርተው ለሚጫወቱ ሰዎች የቀረባቸውን የቀን ደመወዝ መክፈል ፈለጉ፤ የለንደን ሹማምንት እምቢ አሉ። ሲድኒ የራሷን ውድድር የጀመረችው በ1908 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሰፈር ውድድር ሆኖ ቆየ። ሰው የሚደግፈው የተወለደበትን ሰፈር ነበር።

መስፋፋቱ በ1982 ቀስ ብሎ ጀመረ። የካንቤራና የኢላዋራ ክለቦች ገቡ። በ1988 ብሪዝበን፣ ኒውካስልና ጎልድ ኮስት ተከተሉ። በ1995 ደግሞ አራት ክለብ በአንድ ጊዜ ተጨመረ፦ ከኒውዚላንድ ኦክላንድ፣ ከሰሜን ኩዊንስላንድ ታውንስቪል፣ ሁለተኛ የብሪዝበን ቡድን እና ፐርዝ። በአንድ ጀምበር 20 ቡድን ተሆነ።

የፐርዝ ቡድን ታሪክ ቆም ተብሎ ቢታይ አይከፋም። ፐርዝ ከሲድኒ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ዌስተርን ሬድስ የተባለው ክለብ ውድድሩ ውስጥ ሲገባ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሚመጡበትን እንግዶች የአውሮፕላን ትኬትና ሆቴልም እንዲሸፍን ተደረገ። ደግሶ ለጠራው እንግዳ ታክሲ መክፈል እንደማለት ነው። በ1997 መጨረሻ ክለቡ ተዘጋ።

ለመዘጋቱ ግን የትኬት ወጪ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። በእነዚያ ዓመታት ጨዋታው ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። የሩፐርት መርዶክ ኒውስ ሊሚትድ ለክፍያ ቴሌቪዥን የሚሆን የራሱን «ሱፐር ሊግ» አቋቋመ፤ ተጫዋቾችን በጉድ ገንዘብ አስኮበለለ። በ1997 በአንድ አገር ሁለት ውድድር ጎን ለጎን ተካሄደ። ደጋፊው ተሰላቸ። በ1998 ታርቀው ኤንአርኤልን ሲመሠርቱ ስምምነቱ ቡድኖቹ በ2000 ወደ 14 እንዲወርዱ ነበር። በሱፐር ሊግ በኩል የመጣው አዴሌድ ተዘጋ። ጎልድ ኮስት ተዘጋ። ሁለተኛው የብሪዝበን ቡድን ቀድሞውንም ሄዷል። በ1908 ውድድሩን ከጀመሩት አንዱ የሆነው ሳውዝ ሲድኒ እንኳ ከ1999 በኋላ ተባረረ። ደጋፊዎቹ በአሥር ሺዎች ሆነው ሲድኒ መሀል ሰልፍ ወጡ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ክለቡ በ2002 ተመለሰ። አዲስ ገበያ ፍለጋ ሲወጣ የቤቱን ደንበኛ መርገጥ ምን እንደሚያስከትል ሊጉ ያን ጊዜ የተማረ ይመስለኛል።

ከዚያ ዘመን ተርፈው በእግራቸው ከቆሙት አዲስ መጤዎች አንዱ ሜልቦርን ስቶርም ነው። በባዕድ ጨዋታ አገር፣ በ1998 ውድድር ጀመረ። በሁለተኛ ዓመቱ ለፍጻሜ ደረሰ። ስታዲየም አውስትራሊያ ውስጥ 107,999 ሰው ገብቷል። እስከ እረፍት ስቶርም በሴንት ጆርጅ ኢላዋራ 14 ለ 0 እየተመራ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ክሬግ ስሚዝ በአየር የመጣ ኳስ ጎል መስመሩ ውስጥ ሲይዝ ተከላካዩ አንገቱ አካባቢ መታው፤ ኳሱ አመለጠው። ዳኛው ቪዲዮ ካስመለከቱ በኋላ የቅጣት ትራይ ሰጡ (ትራይ ኳሱን ከጎል መስመሩ ማዶ መሬት አስነክቶ የሚገኝ ነጥብ ነው)። ማት ጌየር ከትራይ በኋላ የሚሰጠውን ተጨማሪ ምት ከጎሉ ፊት ለፊት ቆሞ መታ፤ 20 ለ 18። ዋንጫው ሜልቦርን ገባ። ግን ልብ በሉ፣ ቡድኑን ለዓመታት ትልቅ ያደረጉት ካሜሮን ስሚዝ፣ ቢሊ ስሌተርና ኩፐር ክሮንክ ሦስቱም የኩዊንስላንድ ልጆች ናቸው። ከተማው ደጋፊ ሰጠ፣ ተጫዋች ግን ከውጭ ይመጣል። ከኋላም እስከ 2013 ድረስ ኪሱን የከፈተ ኒውስ ሊሚትድ ነበር። አዴሌድና ፐርዝ ግን እንዲህ ያለ የትዕግሥት ጊዜ አላገኙም ብል አላጋንንም።

ጎልድ ኮስት በ2007 እንደ አዲስ ገባ። ከዚያ ለ16 ዓመት ጸጥታ። በ2023 ዶልፊንስ 17ኛ ሆኖ መጣ። የብሪዝበኑ የሬድክሊፍ ክለብ ነው፤ ሰፈሩ እንዳያጠበው ብሎ ግን «ሬድክሊፍ»ን ከስሙ አወጣ። በአሰልጣኝ ዌይን ቤኔት እየተመራ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲድኒ ሩስተርስን 28 ለ 18 አሸንፎ ጀመረ።

አሁን ያለው ሂሳብ ቀላል ነው። 17 ቡድን ካለ በየሳምንቱ አንዱ ያርፋል፤ ጨዋታው ስምንት ነው። 18 ሲሆን ዘጠኝ ይሆናል። ለቴሌቪዥን የሚሸጥ አንድ ተጨማሪ ጨዋታ ማለት ነው። የሊጉ ሊቀመንበር ፒተር ቭላንዲስ ይህን ቋንቋ ጠንቅቀው ያውቃሉ። 18ኛው በ2027 የሚገባው ፐርዝ ቤርስ ነው። የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት ገንዘብ መድቦለታል። ስሙና ቀይና ጥቁር ቀለሙ የተወሰደው ከ1999 በኋላ ከዋናው ሊግ ከጠፋው ኖርዝ ሲድኒ ነው። አዲስ ከተማ ከአሮጌ ደጋፊ ጋር ተዳበለ። የፐርዝ ሰዓት ከሲድኒ ሁለት ሰዓት ወደኋላ መሆኑም ለምሽት ስርጭት ይመቻል። የጥንቱ ርቀት ዛሬ ጥቅም ሆኗል።

ላስ ቬጋስ ሌላ ነገር ነው። ከ2024 ጀምሮ የውድድር ዘመኑ መክፈቻ አሌጂያንት ስታዲየም ይደረጋል። የመጀመሪያው ዓመት ወደ 40 ሺህ ሰው ገባ፤ ከዚያ ውስጥ ግን ብዙ ሺው ከአውስትራሊያ ትኬት ቆርጦ የመጣ ነው። እዚያ ክለብ የመክፈት ጉዳይ የለም። የተፈለገው አሜሪካዊ ተመልካችና የቤቲንግ ደንበኛ ነው። ቬጋስ መመረጧም ያለ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚለየው ፓፑዋ ኒው ጊኒ ነው። እዚያ ገበያ መፍጠር አያስፈልግም፤ ጨዋታው ብሔራዊ ስፖርት ነው። ብሔራዊ ቡድኑ «ኩሙልስ» ይባላል፤ ኩሙል ባንዲራቸው ላይ ያለችው የገነት ወፍ ናት። ከ800 በላይ ቋንቋ በሚነገርበት አገር፣ ኩዊንስላንድና ኒው ሳውዝ ዌልስ የሚገጥሙበት የስቴት ኦፍ ኦሪጅን ምሽት ሰዉ በሁለት ቀለም ይከፈላል። ሁለቱም የሌላ አገር ክፍለ ግዛት ናቸው፤ ደጋፊው ግን የእናቱ ልጅ የተሰለፈ ነው የሚመስለው። በኩዊንስላንድ ውድድር የሚሳተፈው ሃንተርስ ክለባቸው በ2017 ዋንጫ በልቷል።

ታዲያ ለምን እስካሁን ቆየ? ደጋፊው አለ፤ ኪሱ ግን ለማስታወቂያ ሰጪ አይማርክም። በሩን የከፈተው ፖለቲካ ነው። በታኅሣሥ 2024 ጠቅላይ ሚኒስትሮቹ አንቶኒ አልባኒዚና ጄምስ ማራፔ ቡድኑ በ2028 እንደሚገባ አስታወቁ። የአውስትራሊያ መንግሥት በ10 ዓመት ውስጥ 600 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያወጣል። ከስፖርቱ ስምምነት ጎን የደኅንነት ስምምነት አለ። ቻይና በአካባቢው ጦር ወይም ፖሊስ ይዛ እንዳትገባ የታሰበ መሆኑ በሰፊው ይነገራል። የመከላከያ በጀት በራግቢ በኩል ሲወጣ ማየት ብዙ ጊዜ አያጋጥምም።

የቡድኑ ቤት ዋና ከተማዋ ፖርት ሞርስቢ፣ ስሙ ቺፍስ ነው። የከተማዋ የጸጥታ ሁኔታ ተጫዋቾችን ያስፈራል፤ ስለዚህ የተጠበቀ መኖሪያ ግቢ ታቅዷል፤ የፓፑዋ ኒው ጊኒ መንግሥትም ከገቢ ግብር ነፃ አድርጓቸዋል። አንድ የሲድኒ ተጫዋች ቤተሰቡን ይዞ ወደዚያ ለመሄድ ሲያስብ የሚያስላው ይህንኑ ነው፦ ደመወዙ ሳይቆረጥ ኪሱ ይገባል፣ ግን ልጆቹ አጥር ውስጥ ያድጋሉ። የአገሬው ልጆች ደግሞ ይህ ጥያቄ የለባቸውም። እነሱ የሚያስፈልጋቸው ጥሩ ሜዳ፣ ጫማና አሰልጣኝ ነው። ከ600 ሚሊዮኑ ከፊሉም ለዚሁ፣ ለፓስፊክ ደሴቶች የታዳጊዎች ልማት፣ ተመድቧል።