የኤሌኖር መስቀሎች፦ የሚወራውና እውነታው

በ1290 መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ንጉሥ የቀዳማዊ ኤድዋርድ ሚስት ኤሌኖር፣ በሊንከን ከተማ አቅራቢያ ሃርቢ በምትባል መንደር ሞተች። አስከሬኗ ወደ ለንደን ተወሰደ። ንጉሡም አስከሬኑ ባረፈባቸው ቦታዎች 12 የድንጋይ መስቀሎች አሠራ። ሥራው በ1291 ተጀምሮ ጥቂት ዓመታት ፈጀ። መስቀል ይባሉ እንጂ በመልካቸው ወደ ላይ እየጠበቡ የሚሄዱ የድንጋይ ግንቦች ናቸው። መስቀሉ የነበረው ጫፋቸው ላይ ነው። በርካቶቹ የቆሙት ሮማውያን ከዚያ ሺህ ዓመት ቀደም ብለው በዘረጓቸው መንገዶች ዳር ነው። ስቶኒ ስትራትፈርድ፣ ደንስተብልና ሴንት ኦልባንስ ለምሳሌ ዋትሊንግ ስትሪት በሚባለው የሮማውያን መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው።

ታሪኩ ያምራል። ስለሚያምርም ብዙ ነገር ተለጥፎበታል።

«መቃብሮች ናቸው»

ከመስቀሎቹ ሥር የተቀበረ ሰው የለም። ግራ የሚያጋባው ምናልባት ንግሥቲቱ ሦስት ቦታ መቀበሯ ይሆናል። የሆድ ዕቃዋ ሊንከን ካቴድራል፣ ልቧ ለንደን በዶሚኒካን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው አካሏ ዌስትሚኒስተር አቢ ነው ያረፈው። ለእኛ ይዘገንናል። በዚያ ዘመን ለነገሥታት ግን ክብር ነበር። መቃብሩ ሲበዛ የሚጸልየውም ይበዛል።

«እንደ ሮማውያኑ ድንጋዮች ርቀት ያሳዩ ነበር»

ይህ ስህተት ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ሮማውያን በየአንድ ማይሉ፣ በዛሬው ልኬት 1.48 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የድንጋይ ዓምድ ያቆሙ ነበር። መንገዱ አንድ ነው፣ ድንጋዩም ድንጋይ ነው፤ ስለዚህ ሥራውም አንድ ይመስላል።

የኤሌኖር መስቀሎች ግን ስንት ማይል ቀረህ ብለው ለመንገደኛ አይናገሩም። የሚሉት «ነፍስ ይማር በል» ነው። በዘመኑ እምነት ነፍስ ከሞት በኋላም በሕያዋን ጸሎት ትረዳለች። ስለዚህ ነጋዴው፣ ገበሬው፣ ተሳላሚው ሁሉ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ማስታወሻ ማቆም ለንጉሥ የሚያዋጣ ነገር ነው። ሃርዲንግስቶን ያለውን መስቀል ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፣ ከታች በኩል የተዘረጉ መጻሕፍት በድንጋይ ተቀርጸው ያገኛል። ገጾቹ ዛሬ ባዶ ናቸው። ያኔ በቀለም የተጻፈ ጸሎት ሳይኖርባቸው አልቀረም።

ቦታው እንዴት እንደተመረጠ የደንስተብል ገዳም ዜና መዋዕል ጽፎልናል። ቃሬዛው ገበያው መሃል እንዲቆም ተደረገ። የንጉሡ ቻንስለርና መኳንንቱ ወደፊት መስቀል የሚተከልበትን ተገቢ ቦታ እስኪመርጡ ድረስ እዚያው ቆየ። የገዳሙ አለቃ ደግሞ ቦታውን ጠበል ረጨው። ሜትር የያዘ ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም።

አንድ ነገር ግን አለ። በለንደን መሃል ቻሪንግ የነበረው መስቀል ከፈረሰ በኋላ ቦታው ላይ የንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ሐውልት ቆመ። ዛሬ ወደ ለንደን ያለው ርቀት የሚለካው ከዚያ ነጥብ ነው። ይህ ግን በኋላ የመጣ ልማድ ነው፤ ኤድዋርድ አላሰበውም።

«አስከሬኑን የያዘው ሰልፍ የሮማውያኑን መንገድ ይዞ ቀጥ ብሎ ሄደ»

ቢሄድ ኖሮ ቶሎ ይደርስ ነበር። ግን ንጉሥ ከነአጃቢው የትም አያድርም። ማረፊያ፣ ምግብ፣ ለፈረሶቹ ድርቆሽ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጸሎት የሚያደርሱ ካህናት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ሰልፉ ከስቶኒ ስትራትፈርድ ዋትሊንግ ስትሪትን ለቆ ገዳም ወዳለባት ዎበርን ሄደ፤ ከዚያ ደንስተብል ላይ ወደ መንገዱ ተመለሰ። ሴንት ኦልባንስ ሲደርስ ለንደን ቅርብ ነበረች። ሰልፉ ግን ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በዎልተም በኩል ዞረ። ሌላዋ ማረፊያ ጌዲንግተን መንደርም የተመረጠችው የንጉሡ የአደን ማረፊያ ስለነበረባት ነው።

«ሕዝቡ የሚወዳት ንግሥት ነበረች»

እዚህ ላይ መስቀሎቹ ሥራቸውን አሳምረው ሠርተዋል ማለት ይቻላል። ኤሌኖር በሕይወት እያለች ስሟ ያን ያህል አልነበረም። መሬት አጥብቃ ትሰበስብ ነበር። ባላባቶች ከአይሁድ አበዳሪዎች ይበደራሉ፤ ዕዳው በእሷ እጅ ይገባል፤ መክፈል ያቃተው ርስቱን ይለቃል። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጆን ፔካም ሰው እያማት እንደሆነ በደብዳቤ አስጠንቅቋታል። ንጉሡ ወርቃችንን፣ ንግሥቲቱ ርስታችንን ይፈልጋሉ የሚል ግጥምም ይዞር ነበር። ከሞተች በኋላ በሹሞቿ ላይ የቀረበውን አቤቱታ የሚሰማ አጣሪ ተሹሟል። አበዳሪዎቹ አይሁዶች ደግሞ በዚያው በ1290፣ እሷ ከመሞቷ ጥቂት ወራት በፊት፣ በባሏ ትእዛዝ ከእንግሊዝ ተባረዋል። ይህ ከፍቅር ታሪኩ ጋር አብሮ ሲነገር ብዙም አይሰማም።

ኤድዋርድ ይወዳት ነበር ወይ? ይወዳት ነበር። በሕይወት ሳለች እንደወደዳት፣ ሞታም መውደዱን መተው እንደማይችል ለክሉኒ ገዳም አበምኔት ጽፏል። በ1299 ሌላ አግብቷል፤ ንጉሥ ነዋ። ፍቅሩ እውነት ነው። ሆኖም በየአውራ ጎዳናው የንግሥቲቱን ምስል ከቤተ መንግሥቱ አርማ ጋር ማቆም የሥልጣን ማሳያም ነው።

«መርዙን በአፏ መጥጣ ባሏን አዳነች»

ተረት ነው። በ1272 ኤድዋርድ በቅድስት ሀገር፣ አክር ከተማ ውስጥ በመርዘኛ ቢላ መወጋቱ እውነት ነው። ለዘመኑ ቅርብ የሆነ ዜና መዋዕል ግን ሐኪም ሥጋውን ቆርጦ እንዳወጣና ኤሌኖርም እያለቀሰች ከክፍሉ እንድትወጣ እንደተደረገ ይናገራል።

«ሁሉንም ያፈረሷቸው ፒዩሪታኖች ናቸው»

ፒዩሪታኖች ምስልና ጌጥ ከአምልኮ እንዲወገድ የሚሹ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ግማሹ ልክ ነው። የለንደኖቹ የፈረሱት በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ነው፤ ቺፕሳይድ ያለው በ1643፣ ቻሪንግ ያለው በ1647። የሃርዲንግስቶኑ ግን ፒዩሪታን የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ገና በ1460 ጫፉ ጠፍቶ ነበር።

«ቻሪንግ ክሮስ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው ጥንታዊው ነው»

ለንደን ያላችሁ ልብ በሉ። እሱ በ1865 ለጣቢያውና ለሆቴሉ ማሳመሪያ የተሠራ ነው። ቦታውም የድሮው ቦታ አይደለም። የቀሩት 3 ብቻ ናቸው፦ ጌዲንግተን፣ ሃርዲንግስቶንና ዎልተም ክሮስ። የዎልተሙ ብዙ ጊዜ ታድሷል፤ ላዩ ላይ ያሉት የንግሥቲቱ ምስሎችም ቅጂ ናቸው። ከሁሉ በደንብ የተረፈው የጌዲንግተኑ ነው። ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ከ12 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ገላው በአበባ ቅርጽ ተሞልቷል። ያለው መንደሩ መሃል ስለሆነ ማንም ዝም ብሎ ሄዶ ሊያየው ይችላል።