የክራንክኬዝ ግፊት ምንድን ነው? ክዳን ከፍቶ ፋሻ መኮነን ይብቃ

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ የለጠፈውን ቪዲዮ አየሁ። የናፍጣ ሞተር ተነስቷል፣ የዘይት መሙያው ክዳን ተከፍቷል፣ ጭሱ ቱፍ ቱፍ ይላል። ከሥሩ ፍርዱ ተጽፏል፦ «ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይወርዳል።» ፋሻ ማለት ፒስተኑን የከበበው፣ ጋዙ እንዳያልፍ የሚይዘው ቀለበት ነው፤ ሞተሩ ይወርዳል ማለት ደግሞ ወጥቶ ይፈታል ነው።

ወንድሜ፣ ያሳየኸን ግፊት አይደለም።

ማንኛውም የናፍጣ ሞተር፣ አዲስም ቢሆን፣ በፋሻው ጎን ትንሽ ጋዝ ወደ ታች ያሳልፋል። ብሎባይ የሚባለው ይሄ ነው። የክራንክኬዝ ግፊት ግን ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) በሚዞርበት ክፍል ውስጥ የሚገባው ጋዝ ከሚወጣው ሲበልጥ የሚጠራቀመው ነው። ሁለቱን እየቀላቀሉ ስንቱ ደህና ሞተር ወረደ!

ማድቤት ጭስ ሞላው እንበል። እንጨቱ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ ያ ፋሻው ነው። መስኮቱም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ የሞተሩ መተንፈሻ ነው፣ ማጣሪያው በጥላሸትና በዘይት ከተደፈነ ጤነኛው ሞተርም ይታፈናል፣ ዲፕስቲኩን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) ይተፋል፣ የክራንኩን የዘይት ሲል (ማሸጊያ) ብትቀይርለትም መልሶ ያፈሳል። ወይ ደግሞ የጎረቤት ጭስ ነው የገባው። አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦ በዘንጉ በኩል ጋዝ አሾልኮ በዘይት መመለሻው ቱቦ ይልካል። የአየር ፍሬን ባለው ከባድ መኪና አየሩን የሚያምቀው ኮምፕረሰር ራሱ ፋሻ አለው፣ እሱም ያልቃል። 5ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ባለው ሚኒባስ ከዲናሞው ኋላ ያለው፣ ፍሬኑን የሚያግዘው የቫኪዩም ፓምፕ የሚስበውን አየር ወደ ሞተሩ ነው የሚለቀው፤ ከፓምፑ ወደ ፍሬኑ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀ ሳያቋርጥ ይነፋል። ክዳኑን የከፈትከው አንተ ደግሞ የማድቤቱን በር ብርግድ አድርገህ «አቤት ጭሱ!» እያልክ ነው።

መጀመሪያ መተንፈሻውን አጽዳ። ከዚያ ለካ። ውስጡ የሚታይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ እንደ ጀበና እጀታ አጥፈህ ውሃ ጨምርበት፣ አንዱን ጫፍ ከዲፕስቲኩ ቀዳዳ ጋር አጥብቀህ ግጠም፣ ሌላው ክፍት ይሁን። ክዳኑ ይዘጋ። ሞተሩ ይሙቅ፣ ጭነትም ይኑርበት፤ ቆሞ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) የተለካ ብዙ አይነግርህም። በሁለቱ ጎን ያለው የውሃ ልዩነት በሚሊሜትር ግፊቱ ነው፣ ከአምራቹ መመሪያ ጋር አስተያየው። ካለፈ ጎረቤቶቹን (ቱርቦውን፣ ኮምፕረሰሩን፣ የቫኪዩም ፓምፑን) አንድ በአንድ እየነጠልክ ድገመው። ፋሻ መጨረሻ ላይ ነው፦ ፒስተኑን በኮምፕረሽን ጫፍ አቁመህ አየር ስትነፋበት በዘይት መሙያው በኩል በኃይል ካፏጨ ያኔ እናወራለን።

ኮምፕረሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ለክተህ «ወርዷል» ለምትልም አንድ ነገር አለኝ። የመመሪያው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት በሩብ ገደማ ያነሰ ነው፣ የጌጁም (የግፊት መለኪያው) ንባብ አብሮ ይወርዳል። ሁሉም ሲሊንደሮች እኩል ዝቅ ካሉ መጀመሪያ ከፍታውን አስላ፤ አንዱ ብቻውን ከወረደ ግን እሱን ጠርጥር።