«ፈረንጆቹ አድዋን በአንድ ቀን ቀነሱብን» እና ሌሎች የቀን ስሕተቶች

የካቲት 23 በየዓመቱ ሁለት ነገር ይዞልኝ ይመጣል፤ አንዱ ደስታ ነው፣ ሌላው ስልክ። የቀድሞ ተማሪዬ ወይም የጎረቤት ልጅ ይደውልና «መምህር፣ ፈረንጆቹ መጽሐፋቸው ላይ የአድዋን ድል ማርች 1 ብለውታል፤ ስልኬ ላይ ሳየው ግን ዛሬ ማርች 2 ነው። አንድ ቀን ቀነሱብን እኮ!» ይለኛል። ድሬዳዋ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ለተማሪዎች የሚነበበውን «ዛሬ በታሪክ» የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ለእያንዳንዱ ዕለት አንድ ገጽ የመደብኩለት፣ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ ወፍራም ደብተር እስከ ዛሬ አለኝ። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ምን ሆነ የሚለው ሁሉ እዚያ አለ። ስለ አድዋ የሚደወለውን ስልክ ግን ከእንግዲህ በጽሑፍ መመለስ ይሻለኛል። በመጀመሪያ ጥቃቅኖቹን ላራግፍ።

«ሐምሌ ማለት ጁላይ ነው።» አይደለም። ሐምሌ የሚገባው ጁላይ 8 ነው። የአሜሪካንን የነጻነት ቀን «ሐምሌ 4» እያሉ የሚያነቡ ሰዎችን ስሰማ ጥርሴ ይፋጫል።

«የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጆች ለመቀየር ስምንት መደመር ነው።» ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜ መጨረሻ አዎን፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ግን ሰባት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው፤ ስምንት የደመረ ሰው 1975 ላይ ያደርሳቸዋል፣ እውነቱ ግን 1974 ነው። በከተማችንም ላይ ይኸው ስሕተት ይፈጸማል። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በፈረንጆች 1902 መገባደጃ ላይ ነው፤ በእኛ 1895 ማለት ነው። ስምንት እየቀነሱ 1894 የሚሉ ሰዎች ከተማዋን ያለ ዕድሜዋ ያስረጇታል።

«ቁልቢ ገብርኤል ዲሴምበር 28 ነው።» ብዙውን ጊዜ ነው። ጳጉሜ ስድስት ከሆነችበት ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይገፋል። በ2016 የአክስቴ ልጅ ስለቷን ልታስገባ ከጀርመን መጣች። ትኬቷን የቆረጠችው በዓሉን ዲሴምበር 28 አድርጋ ስለነበር፣ የመመለሻ በረራዋ በ29 ማለዳ ነበር። ታኅሣሥ 19 የዋለው ደግሞ በዚያው በ29 ነው። ታቦቱ ሲወጣ እሷ አየር ላይ ነበረች፤ ለስለት ያመጣችውን ጥላ ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ገናም በዚያ ዓመት የተከበረው ታኅሣሥ 28 እንጂ 29 አልነበረም። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የግድግዳ ካላንደር ማየት ምን ይከብዳል?

አሁን ወደ አድዋ። ማንም ማንንም አልቀነሰም። ጦርነቱ የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ በፈረንጆችም ማርች 1 ቀን 1896 ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ልክ ያልሆነው የዛሬውን መንገድ ይዞ ወደዚያ ዘመን መሄድ ነው። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ያደርጋል፤ አያወላውልም። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ግን በመቶ የሚካፈለው ዓመት በ400 ካልተካፈለ ፌብሩዋሪን በ28 ይዘጋል። 2000 ለ400 ስለሚካፈል ምንም አልተነካም፤ 1900 ግን ስለማይካፈል ፌብሩዋሪ 29 ሳይኖረው አለፈ። በዚያች በተዘለለች አንዲት ዕለት በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ሴፕቴምበር 10 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 11 ሆነ። የካቲት 23ም ከማርች 1 ወደ ማርች 2 ተሸጋገረ።

ካላመናችሁ ሌሎቹን ሞክሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያረፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ በፈረንጆች ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ነው፤ ዛሬ ሚያዝያ 6 የሚውለው ግን ኤፕሪል 14 ነው። ዐፄ ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836፣ ኦገስት 17 ቀን 1844 ነው፤ ዛሬ ኦገስት 18 ላይ ታገኙታላችሁ። ስልካችሁ ላይ ስትቀይሩ ዓመቱንም አብራችሁ አስገቡ፤ ዕለቱንና ወሩን ብቻ ከዘንድሮው ካላንደር ላይ እያነበባችሁ ታሪክ አትጻፉ። ነገሩ በዚህ ብቻም አያበቃም፤ 2100 ለ400 አይካፈልም። የልጅ ልጆቻችሁ አድዋን ማርች 3 ላይ ያከብራሉ፤ ያኔ ደግሞ «ሁለት ቀን ቀነሱብን» የሚል ሰው እንደሚነሣ አልጠራጠርም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የራሳችን አገር ሰው ጉዳይ ነው። ተፈሪ መኮንን ከሐረር ወጣ ብላ በምትገኘው በኤጀርሳ ጎሮ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ተወለዱ። ዓለም ሁሉ ይህን ጁላይ 23 ቀን 1892 ብሎ ይጽፈዋል። እስቲ ወረቀት አውጡና ቁጠሩ። 1884 ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ የባተው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1891 ነው፤ ከዚያ ሐምሌ 16 ለመድረስ 315 ቀን ይፈጃል። የሚያርፈውም ጁላይ 22 ላይ ነው። 23 የሚሆነው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መንገድ ሲቆጠር ነው። ይህን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስናገር አንድ ባልደረባዬ «ፈረንጅ ሁሉ ተሳስቶ አንተ ብቻ ልክ ሆንክ?» አለኝ። ለሦስት ቀን አልተነጋገርንም። በአራተኛው ቀን ራሱ ቆጥሮ መጣ፤ ሻዩንም እሱ ከፈለ።

ይህች አንዲት ቀን «በአንድ ቀን የሆኑ ክስተቶች» በሚለው ወግ ላይ የምታመጣውን ጣጣ ተመልከቱ። በደብተሬ የሐምሌ 16 ገጽ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ልደት አለ፤ በ1906 ኦስትሪያ ለሰርቢያ የሰጠችውና ለመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በር የከፈተው ማስጠንቀቂያ አለ፤ በ1944 የግብፅ መኮንኖች በንጉሥ ፋሩክ ላይ ያነሡት መፈንቅለ መንግሥት አለ። የካይሮው ነገር የተነሣው ንጉሠ ነገሥቱ 60 ዓመት በሞላቸው ዕለት ነው። በፈረንጆች ከቆጠርን ግን ልደቱ በ22፣ የሌሎቹ ሁለቱ በ23 ይሆንና ግጥምጥሞሹ ይፈርሳል።

ሐረር ውስጥ ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦም እዚያው ሞተ የሚሉ አሉ፤ አልሞተም። እግሩ ታሞ በ1891 ኤፕሪል በቃሬዛ ወደ ዘይላ ተወሰደ፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ እዚያው ኖቬምበር 10 አረፈ። ጁገል ውስጥ ጎብኚ የሚጎርፍበት «የራምቦ ቤት»ም የተሠራው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ያረፈበት ቀን በእኛ ኅዳር 1 ቀን 1884 ነው። ስለዚህ የሐረሩ ነጋዴ ሞትና የራስ መኮንን ልጅ ልደት በእኛ አቆጣጠር የአንድ ዓመት ታሪክ ናቸው፤ በፈረንጆች ደግሞ 1891 እና 1892።

ወደ ኋላ በራቅን ቁጥር ስሕተቱ ያብጣል። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጀመረው በ1582 ነው፤ ከዚያ በፊት ፈረንጆቹም የሚቆጥሩት፣ እንደ እኛው በየአራት ዓመቱ ሳያወላውል አንድ ቀን በሚጨምረው በጁልየስ አቆጣጠር ነበር። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በወይና ደጋ የወደቁበት ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1543 በእኛ የካቲት 27 ቀን 1535 ነው። በዛሬ ካላንደር የሚያሰላ የካቲት 14 ይላል፤ ኢማሙን 13 ቀን አስቀድሞ ይገድላቸዋል። ሼክስፒርና ሰርቫንቴስ በአንድ ቀን ሞቱ የሚባለውም ተረት ነው፤ ያኔ እንግሊዝና ስፔን የሚጠቀሙበት አቆጣጠር የተለያየ ነበር። ሐረር ላይ ደግሞ ሦስተኛ መቁጠሪያ አለ። የሸዋል ዒድ በሒጅራ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ካለፈው ዓመት 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል፤ «አምና በዚህ ቀን ነበር» ብላችሁ ከድሬዳዋ ሚኒባስ እንዳትሳፈሩ።

የመጨረሻው «ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን መወለዳቸው ተአምር ነው» የሚለው ነው። 23 ሰዎች በተሰበሰቡበት ሁለቱ ልደት የመጋራታቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። 50 ተማሪ ባለበት ክፍል 97 በመቶ ይደርሳል። እኛ ዘንድ ደግሞ ቀኑ የጠፋበት ወላጅ ሁሉ መስከረም 1 ብሎ ስለሚያስመዘግብ ከዚያም ይብሳል። በየክፍሉ ይህን ሳሳይ ልደታቸውን እየጮኹ ይናገራሉ፤ አርባኛው ሳይደርስ የሚጋጩ ሁለት ይገኛሉ። አንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ተነሣችና «መምህር፣ የእኔ ሐምሌ 16 ነው፤ ጁላይ 23። ከጃንሆይ ጋር አንድ ነን?» አለችኝ።

«ሐምሌ 16 ካልሽ ከጃንሆይ ጋር ነሽ። ጁላይ 23 ካልሽ ከካይሮ መኮንኖች ጋር።»

ጥቂት አሰበችና «ታዲያ ኬኩን በየትኛው ልቁረስ?» አለች።

«ለአንቺማ ሁለቱም አንድ ቀን ነው፤ ተቀመጪ» አልኳት።